ጠመንጃ ይዞ የሰው ማሳ መግባት፦ በእንግሊዝ ገጠር የእርግብ ተኩስ ፈቃድ እንዴት ይገኛል?

ጥር ላይ በሊንከንሻየር ገጠር መኪና የነዳ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ጎመንዘር የተዘራበት ማሳ አረንጓዴ መሆን ሲገባው ከሩቅ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ቀረብ ሲሉት ግራጫው ይንቀሳቀሳል። የመኪና በር ድም ሲል ያ ሁሉ ግራጫ ባንዴ ብድግ ይላል። የክንፋቸው ድምፅ ጭብጨባ ነው የሚመስለው። የተነሱበት ቦታ ሄዳችሁ ጎንበስ ብትሉ፣ የጎመንዘሩ ቅጠል ተበልቶ የመሀል ጅማቱ ብቻ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

የዱር እርግቦች ናቸው። ከከተማዋ እርግብ ይገዝፋሉ፤ አንዷ ግማሽ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በብሪታንያ አምስት ሚሊዮን ጥንድ አካባቢ ይራባሉ። ከገበሬው ጋር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አብረው ይኖራሉ። ክረምቱን በጎመንዘር ያሳልፋሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አዲስ የተዘራውን አተር ይለቅማሉ። በበጋ ዝናብና ነፋስ ያስተኛው ስንዴና ገብስ ላይ ይሰፍራሉ። ከአጨዳ በኋላ የወደቀውን ፍሬ ይጠርጋሉ።

ይህን ጉዳይ ለአገሬ ሰው ሳነሳ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ «እርግብ ይገደላል እንዴ?» የሚል ነው። እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ እርግብ የወይራ ዝንጣፊ ይዛ ወደ ኖኅ የተመለሰችዋ ናት። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ስሟ ይነሳል። ነገር ግን ገጠር ያደገ ሰው ሌላውንም ያውቃል። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያስጮኸ የዋለ ልጅ፣ ወፍ ምን እንደምታደርግ ማንም አይነግረውም። ግሪሳ ሲመጣማ ወንጭፉም አይበቃም፤ መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት እስከማስረጨት ይደርሳል። የእንግሊዙም ገበሬ ጭንቀት ያው ነው። ልዩነቱ እሱ ማማ ላይ የሚያወጣው ልጅ የለውም። ጥቂት ሰዎች ናቸው ብዙ ሄክታር የሚያርሱት። ስለዚህ ጠመንጃ ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ የሚታመን ሰው ከተገኘ ሥራውን ለሱ ይሰጠዋል።

ችግሩ «የሚታመን» የምትለዋ ቃል ናት። ፈቃድ ማግኘት ከባድ የሚሆነው እሷ ጋ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ጥያቄውን ከተሳሳተው ጫፍ ይጀምራል። «እርግብ መተኮስ እወዳለሁ፣ መሬትህ ላይ ብመጣ ምን ይመስልሃል?» ይላል። ገበሬው የሚሰማው የሌላ ሰው መዝናኛ ነው። መጠየቅ ያለበት ስለ እህሉ ነው። ይህን የምለው ለአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። የአገሩ ሕግም የቆመው እዚያው ላይ ነው።

ሕጉን በቀላሉ እንየው። በእንግሊዝ የዱር ወፍ በመርህ ደረጃ ሁሉም የተጠበቀ ነው። ይህን የሚደነግገው በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ነው። የዱር እርግብም ከተጠበቁት ውስጥ ናት። እንግዲያው ሰው እንዴት ይተኩሳታል? መንግሥት «አጠቃላይ ፈቃድ» የሚባል ነገር ያወጣል። ሰብልን ከከባድ ጉዳት ለመከላከል የሚያገለግለው የእንግሊዙ ፈቃድ «ጂ ኤል 42» ይባላል። ማመልከቻ የለውም፣ ማንም ሄዶ አይመዘገብም። ፈቃዱ ለሕዝብ ወጥቶ ተቀምጧል፤ የሚጠቀምበት ሰው አንብቦ ሁኔታዎቹን ማክበር አለበት። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ድንበር የሚሻገር ሰው የሄደበትን አገር ማንበብ ይኖርበታል።

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ። በዚህ ፈቃድ እርግብ የሚተኮሰው ከባድ ጉዳትን ለመከላከል ብቻ ነው። ለመዝናናት ተብሎ አይፈቀድም። ሥጋዋን ለመብላት ተብሎም አይፈቀድም። በሕጉ መንገድ የተተኮሰችውን ቤት ወስዶ መብላት ይቻላል፤ ምክንያቱ ግን ሥጋው ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ ጠመንጃ ብቻውን በቂ አይደለም። ሌላ መንገድም መሞከር አለበት፦ በጋዝ የሚጮህ ማስፈራሪያ፣ በነፋስ የሚንሳፈፍ የጭልፊት ቅርፅ፣ ቆሞ የሚታይ የሰው ምስል። እነዚህን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ገበሬው ነው። ስለዚህ ተኳሹ ከገበሬው ጋር ሳይነጋገር ሕጉን ማክበሩን እንኳ ማወቅ አይችልም። ማሳው ላይ ምን እንደተዘራ፣ ምን እንደተጎዳ፣ ምን እንደተሞከረ የሚያውቀው ገበሬው ነዋ።

ገበሬዎች ይህን ጉዳይ ዋዛ አድርገው የማያዩበት ምክንያት አላቸው። በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ናቹራል ኢንግላንድ የተባለው የመንግሥት አካል የቀድሞዎቹን ሦስት አጠቃላይ ፈቃዶች ሰረዛቸው። ምክንያቱ ዋይልድ ጀስቲስ የሚባል የተፈጥሮ ተሟጋቾች ድርጅት ያነሳው የሕግ ክርክር ነበር። ከማስታወቂያው እስከ መሰረዙ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም። ወቅቱ ደግሞ የጸደይ ቡቃያ የሚወጣበት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዱር እርግብ ምትክ ፈቃድ ወጣ፣ ቆይቶም ጉዳዩን ዴፍራ የተባለው የግብርናና የአካባቢ ሚኒስቴር ተረከበው። እኔ በግሌ ያ ግርግር አንድ ጥሩ ነገር ትቷል ባይ ነኝ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ፈቃዱን ሳያነብ ይተኩስ ነበር። አሁን ጠንቃቃ ገበሬ «ጂ ኤል 42ን አንብበሃል?» ብሎ ይጠይቃል። አንብባችሁ ሂዱ።

የገበሬውን ፈቃድም ራሱ ሕጉ ይፈልገዋል። እርግብ መተኮስ የሚችለው የመሬቱ ባለቤት፣ መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ሰው፣ ወይም ከነዚህ አንዳቸው የፈቀዱለት ነው። ከመንግሥት አካል በጽሑፍ ከተፈቀደለት በቀር ሌላ ሰው አይችልም። ያለ ፈቃድ ጠመንጃ ይዞ የሰው መሬት መርገጥ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ወንጀል ነው። ጥይት ባይኖረውም ወንጀል ነው። የአየር ጠመንጃም ቢሆን ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። በእንግሊዝ ገጠር ሕዝብ እንዲሄድበት የተፈቀደ የእግር መንገድ ብዙ ነው። በማሳ መሀል ሁሉ ያልፋል። መንገዱ የሚሰጣችሁ መብት የመራመድ መብት ነው። ጠመንጃ ይዞ እዚያ ላይ እርግብ መጠበቅን አይጨምርም።

ወሰንም እንዲሁ ጣጣ አለው። አንድ እውነተኛ ሁኔታ ላሳያችሁ። የአጥር ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣችኋል። እርግቧ ተመትታ ከቁጥቋጦው ማዶ ወደቀች። ማዶው የሌላ ገበሬ ነው። ጠመንጃችሁን እንደያዛችሁ ሄዳችሁ ብታነሷት፣ አሁን የተናገርኩት ወንጀል ውስጥ ገባችሁ። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ተኳሽ ከመጀመሪያው ካርታ አውጥቶ «ወሰንህ የት ጋ ነው የሚያልቀው? ጎረቤትህስ ማነው?» ብሎ የሚጠይቀው። ሾትጋን የሚባለው፣ ብዙ ትንንሽ ፍሬ ባንዴ የሚተኩስ ጠመንጃ፣ ፍሬዎቹ 200 ሜትር ገደማ ሊጓዙ ይችላሉ። ስለዚህ የት እንደምትቀመጡ ብቻ ሳይሆን ፍሬው የት እንደሚያርፍም ማሰብ ያስፈልጋል።

ታዲያ ማንን ነው የምንጠይቀው? ይህ ቀላል የሚመስል ግን የሚያጣላ ጥያቄ ነው። የሚያርሰው ሰው ሁልጊዜ ባለመሬቱ አይደለም። በእንግሊዝ ብዙ እርሻ ከትልልቅ ባለርስቶች በኪራይ የተያዘ ነው። ባለርስቱ መሬቱን ሲያከራይ የአደን መብቱን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። ያንን መብት ደግሞ ለሌላ ቡድን አከራይቶት ይሆናል። ተከራዩ ገበሬ በቅንነት «ግባ» ሊላችሁ ይችላል፤ በማግስቱ ፌዛንት የሚባሉትን የአደን ወፎች የሚያረባው ጠባቂ መጥቶ «ማን ፈቀደላችሁ?» ይላል። የፌዛንት ወቅት ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ነው። በዚያ ጊዜ በየጫካው ጥግ ተኩስ ካሰማችሁበት ያሳደጋቸው ወፎች ይበተኑበታል። ለዚህ ነው ፌብሩዋሪ ሲገባ ነገሩ የሚቀለው። ያን ጊዜ እርግቦች ማታ ወደ ማደሪያ ጫካቸው ሲገቡ የሚተኮስበት ወር ነው፤ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ሰው የሚጠሩበት ቦታም አለ። እናም ገበሬውን ስታነጋግሩ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ «የአደን መብቱ የአንተው ነው ወይስ የሌላ ሰው?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩን እንደሚያውቅ ወዲያው ይገባዋል።

ገበሬው ለምን እምቢ እንደሚል መረዳትም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እምቢታውን እንደ ጥላቻ ይቆጥረዋል። በእሱ ዓይን እንየው። ናፍጣው ይሰረቃል። ትራክተሩ ላይ ያለው የሳተላይት መሣሪያ ተነቅሎ ይወሰዳል። በምሥራቅ እንግሊዝ ሜዳማ አካባቢዎች ደግሞ በውሻ ጥንቸል የሚያሳድዱ ሰዎች ያስቸግሩታል፤ ይህ በሕግ የተከለከለ ነገር ነው። በመኪና የተዘራ ማሳ ላይ እየነዱ ያበላሻሉ፣ የተናገራቸውን ያስፈራራሉ። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው በሩ ላይ የማያውቀው ሰው መጥቶ ስለ ጠመንጃ ሲያወራ ልቡ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ቆዳው ጥቁር፣ አነጋገሩ የሌላ አገር ለሆነ ሰው ደግሞ ያቺ የመጀመሪያ ደቂቃ ትከብዳለች። ይህን ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ያየሁት ግን ደቂቃዋ ካለፈች በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እህል እንደሚሆን ነው። እህል ደግሞ እኛም እናውቃለን።

እኔ ጠመንጃ የለኝም። ይህን ሁሉ የተማርኩት ጡረታ ከወጣ ጎረቤቴ ጋር ክረምት ክረምቱን አብሬው እየወጣሁ፣ የመደበቂያ መረብና እርግቦቹን የሚያታልል የፕላስቲክ እርግብ እየተሸከምኩ ነው። አንድ ቀን አዲስ ገበሬ ሊጠይቅ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ያንን ንግግር እንዳለ ብነግራችሁ ከብዙ ምክር ይሻላል።

መጀመሪያ ልብሱን ቀየረ። ቅጠል መሳይ የአደን ልብሱን አውልቆ ንጹሕ ሹራብና ተራ ጃኬት ለበሰ። ጠመንጃውን ቤት ቆልፎበት ወጣ። ውሻውንም ተወው። ሰዓቱን መርጧል፦ ከምሳ በኋላ፣ ሥራ ጋብ ሲል። አጨዳ ላይ ኮምባይነር ላይ የተቀመጠን ሰው፣ ወይም በግ በሚወልድበት ሰሞን ሌሊቱን ያልተኛን ሰው አይጠይቅም። ግቢው እንደደረስን የማጀት በር አንኳኳ። በእርሻ ቤት የፊት በር የሚንኳኳው ለእንግዳ ነው፤ ሰዉ የሚገባው በጓሮ ነው ብሎ ነገረኝ።

ገበሬው ወጣ። ጎረቤቴ ስሙንና የሚኖርበትን መንደር ተናገረ። ቀጥሎ «በመንገዱ ስናልፍ ከጎተራው ጀርባ ያለው ጎመንዘርዎ ላይ በጣም ብዙ እርግብ አየን። ደቡቡ ጥግ ተበልቶ አልቋል» አለ። ስለ መተኮስ አንድም ቃል አላወጣም። ገበሬው ተነፈሰ። «ጋዙን ለምደውታል። ጩኸቱ ሲሰማ ብድግ ይሉና ተመልሰው እዚያው ነው የሚያርፉት» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤቴ «ከፈለጉ መጥቼ ልጠብቅልዎ እችላለሁ» ያለው። ከኪሱ አንዲት የታጠፈ ፖስታ አወጣ። ውስጧ የሾትጋን ፈቃዱ ቅጂ፣ የኢንሹራንሱ ካርድና የስልክ ቁጥሩ አለ። ሌሎች ሁለት ገበሬዎች ስለሱ ሊጠየቁ ፈቅደው ስልካቸውን ሰጥተውታል። «አሁን መመለስ የለብዎትም። ያስቡበት» ብሎ ሄደ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የፖስታዋን ነገር ላብራራ። የሾትጋን ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ፖሊስ ነው፤ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ከመስጠቱ በፊት ከሐኪም መረጃ ይጠየቃል፣ ጠመንጃው የሚቆለፍበት ቦታም ይታያል። የአየር ጠመንጃ ኃይሉ ከተወሰነው በታች ከሆነ በእንግሊዝና በዌልስ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በስኮትላንድ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ይጠይቃል። ኢንሹራንሱ ሕግ የሚያስገድደው አይደለም። ሆኖም ያለሱ የሚገባ ሰው እኔ ገበሬ ብሆን አላስገባም። ላም ብትመታስ? የጎተራ መስኮት ቢሰበርስ? በ1908 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የብሪታንያ የአደንና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ለአባላቱ እስከ አሥር ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የጉዳት ሽፋን ይሰጣል። ያቺ ካርድ ለገበሬው ከብዙ ቃል ኪዳን ትበልጣለች።

ገበሬው በሦስተኛው ቀን ደወለ። ጎረቤቴ ያኔም በቃል ብቻ አልገባም። አንዲት ገጽ ይዞ ሄደ፦ የትኛው ማሳ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛው ወፍ፣ ማን ብቻ። ሁለቱም ፈረሙ። ይህች ወረቀት ፖሊስ መጥቶ ቢጠይቅ መልስ ናት። መጠየቁም አይቀርም፤ የተኩስ ድምፅ የሰማ መንገደኛ መደወሉ የተለመደ ነው። ፈቃዱ ለተሰጠው ሰው ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ጓደኛ ይዞ መምጣት ሲፈልግ እንደገና ይጠየቃል። ብዙ ፈቃድ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ተፈቀደለት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ሆነው መጡ፣ በሩ ተዘጋ።

ከተፈቀደ በኋላ ያለው ኑሮ ከመጠየቁ የበለጠ ነው። ጎረቤቴ በሄደ ቁጥር በፊት መልእክት ይልካል። ገበሬው በዚያ ቀን መድኃኒት ሊረጭ ይችላል፣ ሠራተኛ ሊኖረው ይችላል። የከፈተውን በር ይዘጋል። ቡቃያ ላይ መኪና አይነዳም። የቀለሃውን ፕላስቲክ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ በግ ይበላዋል፣ ማጨጃም ውስጥ ይገባል። ከመኪና መንገድ ይርቃል። ሕጉም ከመንገዱ መሀል 15 ሜትር ባልሞላ ርቀት ተኩሶ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው አደጋ ላይ መጣልን፣ መጉዳትን ወይም ማወክን ይቀጣል። እሁድ ጠዋት በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ አይተኩስም። ይህኛው ሕግ አይደለም፣ ባህል ነው፤ ግን በዚህ የተቀየሙ የመንደር ሰዎች ገበሬውን ነው የሚወቅሱት።

ወፏን መለየት ሌላው ግዴታ ነው። ከዱር እርግብ ጋር አንድ ማሳ ላይ የምታርፍ፣ አነስ ያለች፣ በእንግሊዝኛ ስቶክ ደቭ የምትባል እርግብ አለች። እሷ በዚህ ፈቃድ ውስጥ የለችም፤ መተኮስ አይቻልም። የዱር እርግብ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ጭረት ይታያል። ያደገችው አንገቷም ላይ ነጭ ምልክት አላት፣ ጫጩቷ ግን ገና የላትም። ስለዚህ የሚታየው ክንፉ ነው። ስቶክ ደቭ ነጭ የሚባል ነገር የላትም። እግሯ ላይ ቀለበት ያላት ደግሞ የውድድር እርግብ ናት፤ ባለቤት አላት፣ እሷን መግደል የሰው ንብረት ማጥፋት ነው።

ገንዘብስ? አንዳንድ ሰው ለፈቃዱ እከፍላለሁ ይላል። እኔ ይህን አልወደውም። ሰብል ልጠብቅልህ ብሎ የመጣ ሰው ገንዘብ ሲያወጣ ነገሩ ወደ መዝናኛ ይዞራል፣ ገበሬውም ለበለጠ ከፋይ ያስባል። ጎረቤቴ ለገና አንድ ጠርሙስ ይወስዳል። በጎች ሲያመልጡ ስልክ ይደወልለታል፣ ሄዶ ይመልሳል። ወፎቹንም ገንጥሎ አጽድቶ ለገበሬው ሚስት ይሰጣል፤ ከፈለገች።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በመጀመሪያው ቀን ማታ ያደረገው ነው። መረቡን ጠቅልለን ወደ ግቢው ስንመለስ ገበሬው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ስንት እንደተመታ አልጠየቀም። ጎረቤቴ አንዷን እርግብ አወጣ። ጉሮሮዋ ሥር ያለው የእህል ከረጢት እንደ እንቁላል አብጧል። በትንሽ ቢላ ሰነጠቀው። እጁን ዘርግቶ በበሩ ምሰሶ ላይ አራገፈው። አንድ እፍኝ ሙሉ የተቆራረጠ የጎመንዘር ቅጠል ነበር፤ ገና እርጥብ፣ ገና አረንጓዴ። ገበሬው በጣቱ ነካ ነካ አደረገውና ወደ ማሳው ተመለከተ። «ነገም ና» አለው።